የተወለወለውን ሬዲዮ ልግዛ ወይስ አቧራ የጠጣውን?

በመድረካችን ላይ ይህን የውይይት ክር፣ ማለትም ጥያቄና መልሶቹን፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩት ጥያቄም ክርክርም ነበር። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ፣ ባሕር ዳር፣ በየከተማው አሮጌ ሬዲዮ፣ ቴፕና የሸክላ ማጫወቻ የምንሰበስብ ሰዎች በርክተናል። የምንከስረውም በአንድ ነገር ነው፤ የሚያብረቀርቀውን አይተን እንገዛለን። እኔ ደግሞ አቧራ የጠጣውን ግዙ ነው የምለው። ብሎኑ ያልተነካ ሬዲዮ ችግሩ ፊት ለፊት ይታያል። በቅባት የተወለወለው ግን ማን ምን እንደነቀለበት፣ ማን ምን እንደቀጠለበት አይታወቅም። ሻጩ ጀርባውን ከፍቼ ልየው ስትሉት ካቅማማ መልሱን ሰጥቷችኋል፤ ጥላችሁት ሂዱ። ከዚያ እናንተስ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው ብዬ ጠየቅኩ።

ክሩ እየረዘመ ሄደ። መሃል ላይ ከሬዲዮ ወጥቶ አረቄ ውስጥ የገባበት፣ ሰው ከሰው የተቀያየመበትም ቦታ አለ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም አንብቦ አይዘልቀውም። ቁም ነገሩ ግን ብዙ ስለሆነ ተሸፍኖ እንዳይቀር በተራው እተርከዋለሁ።

መልስ 1 ከደብረ ማርቆስ ነው። የጻፉት ጨዋ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፋ ያለ ይመስላል። በሐሳቤ ተስማምተው፣ እሳቸው መጀመሪያ የሚከፍቱት የድንጋይ ማስቀመጫውን ክዳን እንደሆነ ነገሩን። ገጠር ውስጥ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣና እንደገና ይገባል። ጨርሶ ሲሞትም እዚያው ይረሳል። ከዓመታት በኋላ ውሃው ይወጣና ብረቱን መብላት ይጀምራል። ሞላው ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ቅርፊት ካዩ ሽቦውን ተከትለው እስከ ቦርዱ ድረስ ይሄዳሉ። ጉዳቱ ክዳኑ ስር ከቀረ ይገዛሉ፤ ቦርዱ ላይ ከደረሰ አይገዙም።

መልስ 2 እርማት ነበር። የድንጋይ ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም አለ። ከድሮው ዚንክ ካርቦን ድንጋይ የሚወጣው አሲድነት አለው፤ ኃይሉን የሚሰብረው በውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ነው። አልካላይን ከሚባለው የሚወጣው ተቃራኒ ስለሆነ በሎሚ ወይም በአቼቶ ይጸዳል። ሁሉንም በሎሚ የሚያሽ ሰው ሞልቷል፤ አሲድ ላይ አሲድ እየጨመረ መሆኑን አያውቅም። መልሱ ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ እኔ ግን ከዚህ ክር ደጋግሜ ለሰው የምናገረው እሱን ነው።

መልስ 3 አጭር ነው። ከዓይን በፊት አፍንጫ ይቅደም አለ። ጀርባው ሲከፈት የተቃጠለ ትራንስፎርመር ሽታ ካለ ሌላው ምርመራ አያስፈልግም።

መልስ 4 ላይ ነገሩ ጠነከረ። የጻፈው ባሕር ዳር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሬዲዮ የጠገነ ባለሙያ ነው። በአክብሮት ጀምሮ ሐሳቤን አፈረሰው። አቧራ የጥራት ማረጋገጫ አይደለም አለ። በተለይ ጣና ዳር እርጥበት ስላለ፣ አቧራው ውሃውን ይይዝና ብሎንና መቀያየሪያ ያዝጋል። ሲወለወል ደግሞ ሁልጊዜ ለማታለል አይደለም፤ ደንበኛ የቆሸሸ ዕቃ አይገዛም። ዋናው ነጥቡ ግን ሌላ ነው። ለሃምሳ ዓመት ያልተነካ ሬዲዮ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮችም፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች፣ የሃምሳ ዓመት ናቸው። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ይደርቃል፣ መከላከያው ይሳሳል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ገዝቶ በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሰው ዕቃውን በደቂቃ ሊያቃጥለው ይችላል።

ከዚያ ዘዴውን ጻፈ፤ ይህን ሁሉም ሰው ቢይዘው ደስ ይለኛል። 60 ወይም 100 ዋት የሆነ የድሮውን ባለ ክር አምፖል በአንደኛው የመብራት ሽቦ መሃል ገብቶ ከሬዲዮው ጋር በተከታታይ እንዲያያዝ ያደርጋል። ሬዲዮው ሲበራ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ መልካም ነው። ደምቆ እንደበራ ከቀረ ግን ውስጥ መገናኘት የሌለበት ነገር ተገናኝቷል ማለት ስለሆነ ወዲያው መንቀል ነው። መብራቱ በአምፖሉ ላይ ስለሚያልቅ ሬዲዮው አይቃጠልም። ኤል ኢ ዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። ሽቦ መያያዝ ያልለመደ ሰው ራሱ እንዳይሞክረው፣ ለጠጋኝ እንዲሰጠው አስጠንቅቋል።

መልስ 5 የእኔ ነው። የአምፖሉን ዘዴ በሙሉ ልቤ ተቀበልኩ፤ በሐሳቤ ግን ጸናሁ። ያልተነካ ዕቃ የሚፈልገው ነገር አስቀድሞ ይታወቃል፤ ካፓሲተሩ ያረጀ መሆኑን እናውቃለን፣ እንቀይረዋለን። የተነካካው ግን የመጀመሪያውን ችግር የሸፈነ ሁለተኛ ችግር ይዞ ይመጣል።

መልስ 6 ከፍኖተ ሰላም የመጣ ታሪክ ነው። ወጣቱ ከአያቱ ቤት ባለ ቫልቭ ሬዲዮ አገኘ፤ በትራንዚስተር ፋንታ በሚሞቁ የብርጭቆ ቱቦዎች የሚሠራውን የድሮ ዓይነት። ሲከፍተው የምድጃ ጥቀርሻ፣ የበረሮ እንቁላል፣ በአንድ ጥግ ደግሞ የታጠፈ የሎተሪ ቲኬት ነበረበት። ከቫልቮቹ የአብዛኞቹ ጫፍ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ብራማ ቀለም አለው፤ የአንዱ ግን ወተት መስሎ ነጥቷል። ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። መልስ 7 መለሰለት። ያ ብራማ ነገር ፋብሪካው የቀረችውን አየር እንዲውጥ ሆን ብሎ የሚያስገባው ነው። ከነጣ ብርጭቆው ተሰንጥቆ አየር ገብቷል ማለት ስለሆነ ቫልቩ ሞቷል። ቴስተር አያስፈልግም፣ ሳይሰካ በዓይን ብቻ ይታወቃል። ጥቁር ጥላሸት የመሰለው ግን ከአገልግሎት ብዛት የመጣ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው እንዳይጣል አሳሰበ። መልስ 8 ደግሞ ሁለት ነገር ጨመረ። ቫልቭ እስኪሞቅ ግማሽ ደቂቃ ያህል ስለሚፈልግ፣ ድምፅ አልሰጠም ብሎ ቶሎ ማጥፋት ተገቢ አይደለም። ሌላው ከባድ ነው። ከድሮዎቹ ሬዲዮዎች አንዳንዶቹ ትራንስፎርመር የላቸውም፤ ብረቱ አካላቸው ራሱ ከመብራቱ ጋር የተገናኘ ነው። ተሰክቶ እያለ ጀርባው ውስጥ እጅ ማስገባት ሕይወት ያሳጣል።

መልስ 9 የዳንግላ ሰው ነው። ወንድሙ ከአሜሪካ የሸክላ ማጫወቻ ላከለት። 110 ቮልት መሆኑን አይቶ ትራንስፎርመር ገዛ፣ በጥንቃቄ ሰካው። ሸክላው ግን ተጎትቶ ወጣ፤ የሴቷ ድምፅ የወንድ ሆነ። ሞተሩ ደክሟል ብሎ ሊጥለው ነበር።

መልስ 10 አስቆመው። ሞተሩ ጤነኛ ነው። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፣ የእኛ 50 ጊዜ። ብዙ የድሮ ማጫወቻዎች ሞተራቸው የሚዞረው በመብራቱ ምልልስ ልክ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ምልልሱን አይቀይርም። ስለዚህ በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ መዞር ያለበት ሸክላ ወደ 28 ይወርዳል። መፍትሔው ሞተሩ ላይ ያለችውን መዘውር ለ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ለ50 ምልልስ፣ በተሠራ ትንሽ ወፈር ባለ መቀየር ነው፤ እሱ ካልተገኘ መግዛት አያዋጣም። ሞተራቸው የመብራቱን ምልልስ የማይከተል ማጫወቻዎች ግን አሉ። በዲጄዎች ዘንድ የታወቀው ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ከነሱ አንዱ ነው፤ ለእሱ ቮልቱን ማስተካከል ይበቃል። ከሻጭ ፊት ቆሞ የጀርባውን ጽሑፍ ማንበብ ያለብን ለዚህ ነው። 220 የሚለውን ብቻ አይቶ መክፈል አይበቃም፤ 50 የሚለውም መኖር አለበት።

መልስ 11 ይህንኑ ወደ ሬዲዮ አመጣው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ አሮጌ ሬዲዮ ኤፍኤሙ ብዙውን ጊዜ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው የሚይዘው። የእኛ ጣቢያዎች ከ88 እስከ 108 ባለው ውስጥ ናቸው። ዕቃው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ፣ አብዛኛውን ጣቢያ ግን አይሰማም። የሶቪየት ሬዲዮም ኤፍኤም ካለው እንደዚያው ነው፤ ከ66 እስከ 73 አካባቢ ይቆማል። ጸሐፊው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ትብብር መከፈቱን አስታውሶ፣ በከተማው አልፎ አልፎ የሩሲያ ዕቃ ብቅ ሲል የማይገርመው ለዚህ እንደሆነ ጻፈ። አጭር ሞገዳቸው ግን ዛሬም ድንቅ ነው። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የጣቢያ መፈለጊያው ፊት ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ነው።

ከመልስ 12 ጀምሮ ወሬው ወደ ቴፕ ዞረ። መልስ 12 ለሙከራ የራሳችንን ካሴት ይዘን እንድንሄድ መከረ፤ ግን የምንወደውን አይደለም። ያረጀ ቴፕ ካሴት ይበላል። ማጫወት ብቻ ሳይሆን ወደፊትም ወደኋላም አስሮጦ ማየት፣ መጨረሻ ላይ ደርሶ ራሱ የሚቆም ከሆነ መቆሙን መጠበቅ ያስፈልጋል። መልስ 13 ክዳኑን ከፍቶ ሄዱን፣ ድምፁን ከካሴቱ የሚያነበውን ብረት፣ በእጅ ባትሪ ማየት ይሻላል አለ። ካሴቱ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ጥፍር ሲሄድበት የሚያደናቅፍ ቦይ ከተሰማ ሄዱ አልቋል። ሞተሩ እየዞረ ካሴቱ ካልተንቀሳቀሰ ግን የላስቲክ ቀበቶው ነው። ያ ላስቲክ ሲያረጅ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ጥቁር ይሆናል፤ ጣት ላይ ከተጣበቀ በሳሙና አይለቅም።

መልስ 14 ሄዱን በምን እናጽዳ ለሚለው፣ የዳጉሳ አረቄ ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት አያዳግትም። መልስ 15 እና 16 ስለ ሬዲዮ አንድ ቃል የላቸውም። አንዱ የየትኛው ወረዳ አረቄ ጠንካራ እንደሆነ፣ ሌላው እውነተኛ አረቄ ሲለኮስ እሳቱ ምን ዓይነት እንደሚሆን ነው የተከራከሩት። መልስ 17 መለሳቸው። አረቄ የቱንም ያህል ቢጠነክር ውሃ አለበት፣ ከእህሉ የመጣ ሌላ ነገርም አለበት። የሚሻለው 99 በመቶ የሆነው አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶም በጥጥ ትንሽ ነክቶ፣ በደንብ እስኪደርቅ ከታገሡት ይሠራል። ነጭ ጋዝና ቤንዚን ግን ጎማውን ስለሚጎዱ እንዳይሞከሩ።

መልስ 18 ክሩን አከረረው። ጸሐፊው ሰብሳቢ ሁሉ አታላይ ነው ብሎ ተነሣ። በሞጣና በቢቸና ገጠር ልዋጭ እያሉ የሚዞሩ ልጆች ከአሮጊት እናት እጅ ግሩንዲግ ሬዲዮ በፕላስቲክ ሳፋ እንደሚለውጡ፣ ያው ሬዲዮ ከተማ ሲገባ ዋጋው ሰማይ እንደሚነካ ጻፈ። እኛም ስለ ካፓሲተር እየተራቀቅን፣ ዕቃው ከማን ቤት በምን ዋጋ እንደወጣ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅንም አለ። ቃሉ ሻካራ ነበር። ነገሩ ግን ሐሰት አይደለም።

መልስ 19 ነጋዴ ነው፤ በጣም ተቆጥቷል። በጭቃ መንገድ በጀርባው ተሸክሞ የሚያመጣው እሱ እንደሆነ፣ ካመጣው ውስጥ ብዙው ሞቶ እንደሚገኝና ኪሳራውን ማንም እንደማይጋራው ጻፈ። ሳፋውን የመረጡት እናትየው ራሳቸው ናቸው ብሎ ደመደመ። መልስ 20 እና 21 ስድብ ስለነበረባቸው የመድረኩ አስተባባሪ አነሣቸው።

መልስ 22 የጻፈችው እህት ናት። አባቷ በደርግ ጊዜ ማታ ማታ በሩን ዘግተው፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን አማርኛ ይሰሙበት የነበረ ሬዲዮ ነበራቸው። እናቷ የሠራችለት ዳንቴል ልብስ ነበረው። አባቷ ካረፉ በኋላ፣ እሷ ከተማ ሳለች ወንድሟ ለቆራሌ ሸጠው። ዋጋውን አልጠየቀችም፤ ነጋዴውንም አልሰደበችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። ከሰው ቤት ስትገዙ በቤቱ ያለውን ሁሉ ጠይቁ፣ ርቆ የሚኖር ልጅ ካለም ይደወልለት ብላለች።

እዚህ ላይ ቆሜ እጄን አውጥቼ ድምፅ እሰጣለሁ። ዕቃን መመርመር ከሻጩ ስለመታለል ብቻ አይደለም። እኛ ምን እንደምንገዛ እያወቅን የሚሸጠው ሰው ምን እንደሚሸጥ ካላወቀ፣ ያ ግዢ አይደለም። ዋጋውን የምናውቅ እኛ ስለሆንን መናገር ያለብንም እኛ ነን። ነጋዴው በድካሙ ላይ ተገቢ ትርፍ መያዙን አልቃወምም፤ ሳፋ ግን ዋጋ አይደለም።

መልስ 23 የባሕር ዳሩ ጠጋኝ ተመልሶ የጻፈው ነው፤ ክሩንም ወደ ቦታው መለሰው። የእኔን ክርክር በራሱ መንገድ የደገፈልኝ መሰለኝ። ዕቃው ተከፍቶ እንደሆነ ለማወቅ የብሎኑን ጭንቅላት በፀሐይ ብርሃን አዙሮ ማየት ነው አለ። በልኩ ካቻቢቴ የተፈታ ብሎን ጥርሱ ቀጥ ያለ ነው። በቢላዋ ጫፍ የተፈታ ግን ጠርዙ ተልጧል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ተጭሯል። ቀጥሎ ቦርዱን ገልብጦ ስታኞውን፣ ክፍሎቹ የተበየዱበትን፣ ማየት ነው። የፋብሪካው አንድ ዓይነት ነው፤ በረጅም ጊዜ ደብዝዟል። በመካከሉ የሚያብረቀርቅ፣ ያበጠ፣ ዙሪያው ላይ ቡናማ ሙጫ የቀረበት ነጥብ ካለ እዚያ እጅ ገብቷል። እጅ መግባቱ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ምን እንደተደረገ ሻጩን መጠየቂያ ቦታ ግን እዚያ ነው። የስሙን ፊደልም አንድ በአንድ እናንብብ አለ። የታወቀ ስም መስሎ አንድ ፊደል የተጨመረበት ወይም የጎደለበት ዕቃ በየገበያው አለ።

ከፊሊፕስ ጋር የተያያዘ አንድ ምሥጢርም አወጣ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ብዙ ትራንዚስተር ሬዲዮዎች ውስጥ ኤኤፍ 117 የሚባል ባለ አራት እግር ትራንዚስተር አለ። በቆርቆሮው ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ የብረት ክር በራሱ እያደገ የውስጡን ክፍል ከቆርቆሮው ጋር ያገናኘዋል። ሬዲዮው ይሽሻል እንጂ ጣቢያ አይዝም። ሰው ሞቷል ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል። ብዙ ጊዜ ግን ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘችውን አንዷን እግር መቁረጥ ብቻ ያስነሣዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጣቢያ አይዝም የተባለውን ፊሊፕስ አይንቅም።

መጨረሻ ላይ ያቀረበውን ሐሳብ እኔ ወስጄዋለሁ። እሱ የጠገነውን ዕቃ የክዳኑ ውስጠኛ ፊት ላይ በእርሳስ ይጽፍበታል፤ ቀኑን፣ የቀየረውን ክፍል፣ ያልነካውን። ሁሉም ጠጋኝ እንደዚህ ቢያደርግ አቧራው ይሻላል ወይስ ውልወላው የሚለው ክርክራችን ግማሹ ይወድቅ ነበር። ከእንግዲህ ዕቃ ሲከፈት መጀመሪያ የምፈልገው ያንን ጽሑፍ ነው።

መልስ 24 ሁሉንም ናቀ። በስልክ ሬዲዮ እየተሰማ ይህ ሁሉ ድካም ለምን አለ። መልስ 25 ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሰማ ጠየቀው፤ ስልኩ አጭር ሞገድ እንደሌለውም አስታወሰው። ከዚያ በላይ አልተከራከሩም፤ ባይከራከሩም ይሻላል።

መልስ 26 የድሮ ቴሌቪዥን ሊገዛ መሆኑን ነግሮ፣ ጀርባውን ከፍቶ ማየት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። መልስ 27 በጭራሽ አለ። ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ውስጥ ከሃያ ሺህ ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ይቀመጣል። ቴሌቪዥን አብርቶ ሥዕሉን ማየት እንጂ እጅ ማስገባት የለም። እኔም ክፈቱ ስል ይህንን አይጨምርም።

መልስ 28 ቡሬ ካለ ሰው ነው። ቴፑ ሁሉ ነገሩ ጤነኛ ሆኖ ላስቲኩ ቀልጦበታል፣ ከየት ላግኝ አለ። መልስ 29 ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጦ እንዲያስገባ መከረው። መልስ 30 ያንን አረመ። ከጎማ በእጅ የተቆረጠ ላስቲክ ውፍረቱ ስለማይስተካከል ዘፈኑ ይዋዥቃል። የቀለጠውን በአልኮል ጠርጎ፣ ላስቲኩ በሚያልፍባቸው መዘውሮች ዙሪያ የስፌት ክር አዙሮ መለካት ነው። የሚገዛው ላስቲክ ከዚያ ልክ ጥቂት ማጠር አለበት፤ ካልተወጠረ ይንሸራተታል፣ ከበዛ ደግሞ ሞተሩን ይጎዳል። አራት ማዕዘን ይሁን ጠፍጣፋ የመዘውሩን ቦይ አይቶ መለየትም አይዘንጋ።

መልስ 31 የመጀመሪያው የማርቆሱ አባት ናቸው። የተለያየ ልክ ያላቸው ላስቲኮች በእጃቸው እንዳሉ፣ ቅዳሜ ወደ ቡሬ የሚወርድ ዘመድ እንዳላቸው ጻፉ። የቡሬው ሰው የለካበትን የስፌት ክር ርዝመት በሚሊሜትር እስከ ዓርብ ከላከላቸው ያደርሱለታል።